ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

በቋንቋችን ልብ የማይገባበት ነገር የለም። ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ክፉውን ልበ ጥቁር፣ ዝንጉውን ልበ ቢስ እንለዋለን። መካሪ ሲመክረን «ልብ ግዛ» ይለናል፤ አንድ ነገር እንድናስተውልለት የሚፈልግ ሰውም «ልብ በል» ይላል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ቃል የተሸከመው፣ መጠኑ ከተጨበጠ እጅ የማይበልጠው ሥጋ፣ በደረታችን ውስጥ ምን ሲሠራ ውሎ እንደሚያድር፣ በምንስ እንደሚጎዳ ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ልብ ከማይሉት ወገን ነበርሁ። ዛሬ ስለ ልብ ለመጻፍ ብዕሬን ያነሣሁት ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ አንድ ባልንጀራዬን በገዛ ምክሬ ስለ ጎዳሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘን፣ እኔና እርሱ በአዳማ ከተማ አንድ ቤት በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። እርሱ የመቂ ልጅ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ይሠራል። በጥቅምት ወር አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ብርድ ብርድ አለው፤ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ፤ ሲነጋ አንሶላው በላብ ርሶ አገኘነው። በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በመተሐራ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ጊዜ አያስብም። «ወባ ናት፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አልሁትና ወደ መድኀኒት መደብር ሮጬ የወባ ኪኒን ገዝቼ መጣሁ። ደሙን እንዲመረመር እንኳ አላደረግሁም።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት የለመደው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2024ም ገና ዓመቱ ሳያልቅ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየጉድጓዱ ሲያቆር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በቈላው ከተሞች ትኩሳት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። እንግዲህ ስሕተቱ ወባን መጠርጠር አይደለም፤ ከወባ በቀር ሌላ ነገር አለመጠርጠር ነው።

ባልንጀራዬ ኪኒኑን ወስዶ ጥቂት ቀን ተሻለው፤ ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ደሙ ታይቶ ወባ የለም ተባለ፤ ሌላ ምርመራ ተደረገና «ታይፎይድ ነው» ተብሎ እንክብል ተሰጠው። እንክብሉን ሦስት ቀን ወስዶ ሲሻለው አቋረጠው። ትኩሳቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ያንኑ እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቼ ያመጣሁለት እኔ ነበርሁ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ሰውነቱ ከሳ፤ ምግብ አስጠላው፤ የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ያለከልክ ጀመር። ነገር ግን አንድም ሰው ጆሮውን ወደ ልቡ አላስጠጋም።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጧት፣ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የደመወዝ መክፈያ ሲፈርም ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጐንበስ ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ የአጠገቡን ሰው ሊጠራ ቢል አንደበቱ ተኰላተፈ። ዕድሜው 25 ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ረዥም ጊዜ ጸጥ ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ ከመቂ ወደ ደረሱት እናቱ ዞር ብላ «ልጅዎ በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ወይም መገጣጠሚያውን አሞት ያውቃል?» ስትል ጠየቀች። እናቱም ነገሩን ከሥሩ ተናገሩ። በዘጠኝ ዓመቱ ጉሮሮው አብጦ ምግብ መዋጥ ቢያቅተው በሠፈር አዋቂ እጅ እንጥሉን አስቈረጡት። ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ጉልበቱና ቍርጭምጭሚቱ እየተፈራረቁ አበጡ፤ ቍርጥማት ነው ተብሎ በቅቤ ታሸ። ኋላ ሐኪም ቤት ቢወስዱት ልቡ ተነክቷል ተብሎ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ታዘዘለት። መርፌውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ተወጋ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ጤነኛ ነኝ ብሎ ተወው። «አንተ ልጄ፣ አብረኸው እየኖርህ ይህን አታውቅም ነበር?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። በመስከረም ወር አንድ የተበላ ጥርስ ማስነቀሉን ግን ዐውቅ ነበር፤ አብሬው የሄድሁት እኔ ነኝና።

የልብ በሮች

የአዋሽን ውሃ ወደ ወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚያደርሱትን ቦዮች ያየ ሰው የልብን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። በቦዩ ላይ መዝጊያ አለ፤ ሲከፈት ውሃው ወደሚፈለገው ወገን ያልፋል፤ ሲዘጋ ያለፈው ወደ ኋላ አይመለስም። መዝጊያው ዝጎ በሚገባ ባይከፈት ውሃው ከበስተኋላው ይከማቻል፤ ጠርዙ ተበልቶ በሚገባ ባይዘጋ ደግሞ ያለፈው ውሃ ተመልሶ ይፈስሳል። በልባችን ውስጥም እንዲህ ያሉ አራት በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ሥሥ ናቸው፤ ነገር ግን በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ያለ ዕረፍት ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም።

በእኛ አገር እነዚህን በሮች የሚያበላሸው ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ ይይዛል፤ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ በሚያድርበትና በሚማርበት ቦታ ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ጉሮሮው በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ ሰውነት ጀርሙን ለመውጋት ያሰለፈው ሠራዊት ወዳጅና ጠላት መለየት ይሳነዋል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የገዛ ወገኑን፣ ይኸውም መገጣጠሚያንና ልብን ይወጋል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ በልብ በሮች ላይ የሚያሳርፈው ጠባሳ ግን ይቀራል፤ ጉሮሮው በታመመ ቍጥርም ይብሳል። እንጥል መቍረጥ ጀርሙን አይገድለውም፤ በቍስሉ ላይ ሌላ ቍስል ይጨምራል እንጂ። ቅቤውም ቢሆን ከቆዳ አልፎ ልብ ዘንድ አይደርስም።

ይህ የጥቂቶች ዕጣ ነው የሚል ቢኖር ቍጥሩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ ጥናት፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው የጅማ ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ ቢታይ ከ1,000ው በ30 ያህሉ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በተለያዩ የአገራችን ክፍሎች 3,238 ተማሪዎችን አይቶ ከ1,000ው 19 ታማሚ አግኝቷል። ይህ ሁለተኛው ልክ 2,000 ተማሪ ባለው በአንድ የአዳማ ትምህርት ቤት ቢሰፈር ወደ 40 ልጆች ይጠጋል፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ክፍል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ፈተና ያልፋሉ፤ እንደ ባልንጀራዬም ሥራ ይይዛሉ። ልባቸው እንደ ተነካ የሚያውቁት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

በተጎዳው በር የሚያደፍጥ ጠላት

አሁን ወደ ጥርሱ እንመለስ። አፋችን ብዙ ዐይነት ጀርሞች ይኖሩበታል። ጥርስ ሲበሰብስ፣ ድድ ሲቈስል፣ ጥርስ ሲነቀል ጥቂቶቹ ወደ ደም ይገባሉ፤ በቆዳ ላይ ካለ ቍስልም ሌሎች ይገባሉ። ልቡ ጤናማ በሆነ ሰው ደም ወዲያው ጠራርጎ ያጠፋቸዋል። የልቡ በር በጠባሳ የሻከረ ሰው ግን ለጀርሙ መቀመጫ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጀርሙ በሻካራው ቦታ ላይ ይለጠፋል፤ የረጋ ደም እየጋረደው በድንጋይ ላይ እንደሚወጣ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል።

የልብ በሮች በውስጣቸው የደም ሥር እምብዛም የላቸውም። ስለዚህ የሰውነት መከላከያ ኀይልም ሆነ መድኀኒት ወደ ጀርሙ በቀላሉ አይደርስም። በመሆኑም ይህን ሕመም ለማጥፋት ብርቱ መድኀኒት ብዙውን ጊዜ በደም ሥር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይቋረጥ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ የገዛሁት የሦስት ቀን እንክብል ያደረገው ምንድን ነው? ከላይ ያሉትን ጀርሞች ገድሎ ትኩሳቱን አበረደ፤ ከሥር ያሉትን ግን አልነካቸውም። ከዚህም የከፋው፣ ሐኪሟ የጀርሙን ዐይነት ለማወቅ ከተለያየ ቦታ ሦስት ጊዜ ደም ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ብትልክ ምንም አልበቀለም፤ እንክብሉ ጀርሙን ከልቡ ሳይሆን ከመርማሪው ዐይን አጥፍቶት ነበርና። ሕመሙ የታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ነው። ልብ በመታ ቍጥር በበሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር በመስኮቱ ላይ በዐይናችን አየነው።

ይህ ነገር ሰውን የሚገድልበት መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በሩን በልቶ መብሳት ነው፤ ያን ጊዜ ደም ወደ ኋላ እየተመለሰ በሳንባ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ እግር ያብጣል። ብዙዎቹን የሚገድለው ይኸው የልብ ድካም ነው። ሁለተኛው፣ ከበቀለው ነገር ቍራሽ ተነቅሎ ከደም ጋር መሄዱ ነው። ቍራሹ ወደ ኵላሊት፣ ወደ ጣፊያ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ የደም ሥር ይዘጋል፤ የባልንጀራዬን ብዕር ከእጁ የጣለው ይህ ነው። ሦስተኛው፣ በበሩ ዙሪያ መግል ቋጥሮ የልብን ምት የሚያዙትን መሥመሮች መበጠስ ነው። በሀብታም አገሮች ሆስፒታል እንኳ በዚህ ሕመም ከሚተኙት ከአምስቱ አንዱ ያህል አይድንም።

የሕመሙ ስም በዓለም የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ዊልያም ኦስለር የተባለው ታላቅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ለንደን ላይ ስለዚሁ ሕመም አስተምሮ ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ዘመን ማወቅ እንጂ ማዳን አይቻልም ነበር። ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ማህለር የልቡ በር የተጎዳ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1907 ተነግሮት ነበር፤ በ1911 ኒው ዮርክ ሳለ አተኮሰው፤ ደሙ ተመርምሮም ስትሬፕቶኮከስ ተገኘበት። ሐኪሞቹ የሕመሙን ስም ነገሩት፤ ከዚህ ሌላ ሊያደርጉለት የሚችሉት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በ50 ዓመቱ ቪየና ላይ ሞተ። ይህን ሕመም ከሞት ፍርድነት ያወጣው በ1940ዎቹ የመጣው ፔኒሲሊን ነው።

ከናዝሬት እስከ ጥቁር አንበሳ

አዳማ ናዝሬት ይባል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ግድም፣ የሜኖናይት ሚሲዮን በአርበኛው በኀይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል በከተማይቱ አቋቋመ፤ ድሬሰሮችም በዚያ ይሠለጥኑ ነበር። ዛሬ ያ ስፍራ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። ልብ በሉ፤ ሆስፒታሉ ሲከፈት ጉሮሮን አክሞ ልብን የሚያድነው መድኀኒት በዓለም ላይ ነበረ። ያ መድኀኒት ዛሬም ርካሽ ነው። እኛ ግን የጉሮሮውን ወጪ ንቀን የልቡን ወጪ ስንከፍል እንገኛለን።

የልቡ ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያውቁት የልብ ሕሙማን ልጆች ወላጆች ናቸው። የሕፃናት የልብ ሐኪም ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የሚሆን ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የልቡ በር የሚጠገንለት ልጅ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረበት። ማኅበሩ ለዓመታት ደክሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያሠራው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ፤ በመጀመሪያ ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች፣ በኋላም በኢትዮጵያውያን እጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግበት ጀመር። ይህ የሚያኰራ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ከማዕከሉ ዐቅም በላይ ነው። ቀዶ ሕክምናውም የመጨረሻ ዕረፍት አይደለም፤ የብረት በር የተገባለት ሰው ደም የሚያቀጥን መድኀኒት ዕድሜ ልኩን እየወሰደ በየጊዜው ደሙን ማስመርመር አለበት፤ ሰው ሠራሹም በር ከተፈጥሮው በር ይልቅ ለጀርም የተጋለጠ ነው።

ኢትዮጵያ በተካፈለችበት፣ 14 አገሮችን ባቀፈ ጥናት ላይ 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ቢታዩ አማካይ ዕድሜያቸው 28 ሆኖ ተገኘ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ከ100ው 17 ያህሉ ሞቱ። 28 ዓመት ማለት ሰው ተምሮ ጨርሶ ለአገሩና ለወላጁ መክፈል የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ ሕመም የተለየ ውሳኔ ማሳለፉ ስለዚህ ነው። መርፌውም ከንቱ እንዳልሆነ ኡጋንዳ አሳይታለች። የሕመሙ መነሻ ብቻ ከታየባቸው 818 ልጆች መካከል፣ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰበት ከ100ው አንድ አይሞላም፤ ካልተወጉት ግን ከ100ው 8 ያህሉ ብሶባቸዋል።

የተማረ ሰው ምክር

ይህን ሁሉ ለምን ለእናንተ እጽፋለሁ? ብዙዎቻችን ከቤታችን መጀመሪያ የተማርን ልጆች ነን። ታናሻችን ሲያተኩሰው፣ አባታችንን ሲደክመው፣ ስልክ የሚደወለው ለእኛ ነው። ሕክምና ባንማርም ቃላችን እንደ ሐኪም ቃል ይታመናል። ባልንጀራዬ ያመነኝ ዲግሪ አለኝ ብሎ ነው እንጂ ስለ ትኩሳት አንዳች ዐውቄ አልነበረም። ስለዚህ የምንሰጠው ምክር እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ።

ትኩሳት ሲመጣ ወባን ጠርጥሩ፤ ነገር ግን ደም ሳይመረመር ኪኒን አትዋጡ። በደሙ ወባ ካልታየ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ታይፎይድ ነው ቢባልም፣ ዊዳል የሚባለው ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ እምነት የሚጣልበት እንዳልሆነ ዕወቁ። መድኀኒት ሲወሰድ የሚበርድ፣ ሲቆም የሚመለስ ትኩሳት ትልቅ ምልክት ነው። በተለይም ክሳት፣ የሌሊት ላብና የትንፋሽ ማጠር ከታከሉበት፣ ሌላ እንክብል ከመዋጣችሁ በፊት «ልቤን አዳምጡልኝ፤ ደሜም ለጀርም ይመርመርልኝ» በሉ። ልባችሁ ተነክቷል የተባላችሁ ብትኖሩ ለሐኪምም፣ ለጥርስ ነቃይም፣ አብሯችሁ ለሚያድር ባልንጀራም ተናገሩ፤ ነውር አይደለም። የወር መርፌያችሁን ሐኪም ሳያዝዝ አታቋርጡ፤ ሕመም አለመሰማት መዳን አይደለምና። ጥርሳችሁን በየቀኑ አጽዱ፤ የተበላውንም ሳይበሰብስ አሳዩ። ትኩሳት ይዞት ምግብ መዋጥ ያቃተውን ልጅ ደግሞ ወደ እንጥል ቈራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለእናቶቻችን እንንገር፤ እነርሱ የሚያደርጉት የሚያውቁትን ነው፤ ጥፋቱ ዐውቀን ዝም የምንለው የእኛ ነው።

ባልንጀራዬ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ስድስት ሳምንት በደም ሥሩ መድኀኒት ሲወስድ ከረመ። ትኩሳቱ ጠፋ። አንደበቱ ተፈታ፤ እጁም ቀስ በቀስ ታዘዘለት፤ ብቻ ፊርማው ስለ ተለወጠ ባንኩ አዲስ የፊርማ ናሙና ጠየቀው። የልቡ በር ግን ያፈስሳል፤ ለቀዶ ሕክምና ስሙ ተጽፎ ተራውን ይጠብቃል። በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ለመወጋት ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፤ ቀኑን በግድግዳችን መቍጠሪያ ላይ የምናከብበው በቀይ ቀለም ነው። ስለ እንክብሉ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቱ ከመቂ ደውላ ጉሮሮዋን እንዳመማት፣ እንዳተኰሳትም ነገረችው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ «ምን ላድርግ? ጓደኛህን ጠይቅልኝ» ስትል ድምፅዋን ሰማሁ። ስልኩን አቀበለኝ። እኔም «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የሚታዘዝልሽን መድኀኒትም ቢሻልሽ እንኳ ጨርሺው» አልኋት።